አያ ስንሻው ጠበቃ ሲመርጥ

አያ ስንሻው፣ ሦስት ስመ ጥር ጠበቆች እያሉለት፣ ጣራው የሚያፈሰውን አራተኛውን ለምን መረጠ?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ስለ አያ ስንሻው በቤታችን የሚወራው ለሳቅ ስለሆነ፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጨዋታ አፍራሽ ይባላል። አንድ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ሲስቅ ደፍሬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ብዙም አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ ግን ጥያቄው ቤታችን ድረስ መጣ። ተከራይተን የምንኖርበት፣ እናቴም በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ሱቋን የከፈተችበት ቤት ሊሸጥ ነው። ባለቤቱ «ቅድሚያ ለእናንተ» ብሎናል፤ ሌላ ገዢ ግን ከኋላችን ቆሟል። ከዘገየን ቤቱን እናጣለን። ተጣድፈን የተበላሸ ውል ከፈረምን ደግሞ ቤቱንም ጥሪታችንንም እናጣለን። እናቴ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ደህና ጠበቃ ፈልጊልኝ።»

«እማዬ፣ እኔ የተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው።»

«እሱስ ቢሆን ወረቀት አይደል?»

ሁለት ጠበቃ አገኘሁ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ የጠቆመኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ሰነዱን በቴሌግራም መላክ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ፊቴን ሳላሳይ፣ ድምፄን ሳላሰማ ሁሉ ነገር ያልቃል። ሌላው እዚሁ እንዶድ በር፣ ከገበያው ዳር ነው። ስለ እሱ የማውቀው በሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር እንዳለና አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚገባውን የሚወጣውን እንደሚያይ ነው። ልቤ ወደየትኛው እንዳዘነበለ መናገር አያስፈልግም።

ከመወሰኔ በፊት ግን፣ የአያ ስንሻውን ነገር እንደሰማሁት ልጻፈው አልኩ።

*

አያ ስንሻው የዚሁ የእንዶድ በር ሰው ነው። በወጣትነቱ በአንድ ፊታውራሪ ቤት አጋፋሪ ነበር፤ ግብር ሲበላ እንግዳውን እንደየማዕረጉ እያስገባ ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ ፊታውራሪው ከአንድ ገበሬ ጋር የመሬት ሙግት ገጠሙና፣ ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ለዳኛው ትልቅ ድግስ ደገሱ። ዳኛው ከበቅሎ ወርደው ሲገቡ፣ አያ ስንሻው ወደ ክብር ቦታው መምራቱን ትቶ ወደ ጓዳ ይዟቸው ሄደ።

«አንተ ሰው፣ ቦታዬ ጠፋህ እንዴ?» አሉት ዳኛው።

«የለም ጌታዬ፤ ፍርዱ የሚበስለው በዚህ በኩል ስለሆነ ነው።»

በማግሥቱ ዘንጉን አስረክቦ ወጣ።

*

ሥራ ሲያጣ ችሎት መዋል ጀመረ። ከሳሽ አይደል፣ ተከሳሽ አይደል፤ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ሙግት ያደምጣል። ያው ወደ ጓዳ የተመሩት ዳኛ ሁልጊዜ ሲያዩት ይከነክናቸው ነበርና አንድ ቀን አስጠሩት።

«ጉዳይ የለህ፣ ምስክር አይደለህ፤ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጌታዬ፣ እኛ ቤት ሚስቴ ከፈረደች ይግባኝ የለም፤ ይግባኝ ያለበትን አገር አይቼ ልሙት ብዬ ነው።»

*

የአያቴ እናት ወይዘሮ እንጉዳይ ጎረቤቱ ነበሩ። ባላቸው ሞቶባቸው፣ ቅመም እየነገዱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። የሚኖሩበት ቤት የባላምባራስ ጓንጉል ነው። ባላምባራስ ቤቱን ሊሸጡ መሆኑ ሲሰማ፣ ያው ፊታውራሪ ለበቅሎአቸው ጋጥ ሊያደርጉት ፈለጉ። ወይዘሮ እንጉዳይ እንቅልፍ አጡ። ፊታውራሪውን እንኳን የሚከራከር፣ ከፊታቸው ቀና ብሎ የሚቆም ሰው አልነበረም።

አያ ስንሻው ፊታውራሪውን መንገድ ላይ አገኛቸው። በዚያች በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣውን አወለቀና ለበቅሎዋ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ምን ማለትህ ነው?» ብለው ተቆጡ ፊታውራሪው።

«ጌታዬ፣ ቤቱ የሚገባው ለእርሳቸው ከሆነ፣ ከእርሳቸው ጋር መነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።»

አጃቢዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ወሬው ከፊታውራሪው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማንም «የበቅሎዋ ቤት» ሳይል የቤቱን ስም የማያነሣ ሆነና፣ ፊታውራሪው ነገሩን ተዉት።

*

ባላምባራስ ጓንጉል እንግዲህ ለወይዘሮ እንጉዳይ ሊሸጡላቸው ተስማሙ። እኚህ ባላምባራስ እጃቸው የጠበቀ ሰው ነበሩ፤ እሳት የሚጭር ጎረቤት ሲመጣባቸው አመዱን መልስልኝ ይሉ ነበር ይባላል። ድንበር ለማሳየት ወይዘሮ እንጉዳይንና አያ ስንሻውን ይዘው ወጡ። «ከዚህ ግንድ ጀምሮ» አሉና፣ እጃቸውን ዘርግተው ሣር ላይ የተኛ ቀይ በሬ አመለከቱ፤ «እስከዚያ በሬ ድረስ።»

አያ ስንሻው ሄደና በሬውን አስነሥቶ ወደ ታች ይነዳው ጀመር።

«ወዴት ነው የምትወስደው?»

«ግቢው ጠበብ አለብኝ ባላምባራስ፤ ትንሽ ላስፋው ብዬ ነው።»

*

ከድንበሩ ወደ ቤቱ ገቡ። ወይዘሮ እንጉዳይ ምሰሶውን ሲያዩ፣ ማገሩን ሲነካኩ፣ ባላምባራስ በጉጠት ከግድግዳው ሚስማር ይነቅላሉ።

«ምነው ባላምባራስ?» አለ አያ ስንሻው።

«የሸጥኩት ቤቱን ነው፤ ሚስማሩን መች ሸጥኩ?»

«እንግዲያስ ቀዳዳውንም ይዘውልን ይሂዱ።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ይህን ጊዜ ነው «ከእኚህ ሰውዬ ጋር ያለ ጠበቃ አልዋዋልም» ያሉት። «አንተ ችሎት ስትውል ሁሉንም ታውቃቸዋለህ፤ ምረጥልኝ፤ ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ እንዳልወድቅ» ብለው ነገሩን በእሱ ላይ ጣሉት።

*

መጀመሪያ የሄዱት ካባ ደርበው ከሚቀመጡት ጠበቃ ዘንድ ነው። አያ ስንሻው ገና ወንበር ሳይዝ ጀመረ።

«እኚህ ሴት ቤት ሊገዙ...»

«ያልቃል።»

«ከባላምባራስ ጓንጉል...»

«ያልቃል አልኩህ።»

«ግን ድንበሩ ላይ...»

«ሰውዬ፣ አያስቸግርህ፤ ያልቃል።»

አያ ስንሻው ወይዘሮ እንጉዳይን በክንዳቸው ይዞ ተነሣ። «ወዴት ነው?» ቢሉት ጠበቃው፦

«ካለቀማ ምን እናደርጋለን፤ ልንሄድ ነዋ።»

*

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ አውቶቡስ እንዶድ በር መድረስ ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ እኚህ ጠበቃ ሲመጡ ሰው ሊያያቸው ይሰበሰባል። ሆቴል ተቀምጠው ባለጉዳይ ይቀበላሉ፤ በየመሐሉ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ወረቀቱን ብቻ ስጡኝ» አሉ፤ «ነገ በማለዳው አውቶቡስ ተመላሽ ነኝ።»

«ቤቱን አያዩትም ጌታዬ? ቅርብ ነው።»

«ምን ያደርግልኛል? ቤት ቤት ነው፤ አንዱን ካየህ ሁሉንም አየህ።»

«ጌታዬ፣ ባለቤትዎንም የመረጡት እንዲህ ነው?»

*

ሦስተኛው ራሳቸው ነበሩ ወይዘሮ እንጉዳይን ያስጠሩት። የባላምባራስ ጓንጉል ጠበቃ ናቸው። በክብር አስቀመጧቸው፤ ስለ ልጆቻቸውም በስም በስማቸው ጠየቁ።

«ምን ያለፋችኋል?» አሉ። «የሻጩ ጠበቃ እኔ ነኝ፤ ለገዢዋም እኔው እሆንላችኋለሁ። ሁለት ጠበቃ ሲገባ ነው ጭቅጭቅ የሚመጣው። እኔ ሁለቱን ወገን እኩል እይዛለሁ።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ልባቸው ቀለጠ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ስንሻው ቀደማቸው።

«ሁለቱን ወገን እኩል ሲይዝ ያየሁት ሚዛንን ነው ጌታዬ፤ እሱም አይበላም።»

*

አራተኛው አቶ ምንይችል ናቸው። የእንዶድ በር ልጅ ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፤ ካባም የላቸው። እነ አያ ስንሻው ሲሄዱ ቤት አልነበሩም። ከጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ሲተክሉ ውለው፣ ትከሻቸው ጭቃ ነክቶት መጡ። ክረምት ነበርና ጣራው ያፈሳል፤ ባለጉዳዮቹ ጠብታው በመጣ ቁጥር በርጩማቸውን እየጎተቱ ይሸሻሉ።

አቶ ምንይችል ሁሉን ነገር ጸጥ ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ወደ ቤቱ የሚገባው በየት በኩል ነው?»

«በበሩ ነዋ» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ።

«እሱን ሄጄ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም» አሉ አቶ ምንይችል።

ወይዘሮ እንጉዳይ ከዚያ ሲወጡ ተስፋ ቆርጠው ነበር። «አንተ ሰው ምን ነካህ? የራሱን ጣራ ያላስከደነ ሰው የእኔን ቤት ሊጠብቅ?»

«እሜቴ፣ የሌሎቹ ጣራ በማን ቤት የተከደነ መሰለዎት?»

ዘመዶቼ ጨዋታውን እዚህ ላይ ገታ ያደርጉትና ይስቃሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነበር «ለምን?» ያልኩት። ጣራው የሚያፈስ ሁሉ ታማኝ ነው ማለት አይደለምና፣ መልሱ ለሳቅ እንጂ ለምርጫ አልበቃኝም።

*

አቶ ምንይችል እንዳሉት በማግሥቱ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ከአውራ መንገዱ እስከ ቤቱ በራፍ በእግራቸው ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ። ከዚያ ባላምባራስን፦ «መግቢያው የሚያልፍበት ይህ መሬት የማን ነው?» አሏቸው።

«የእኔ ነው።»

«ከሚሸጡት ውስጥ ነው?»

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የሸጥኩት ቤቱን ነው፤ መንገዱን መች ሸጥኩ? እሱ በሌላ ዋጋ ነው።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከሦስቱ ጠበቆች አንዳቸውም ያላዩትን እሳቸው አሁን አዩት፤ ቢፈርሙ ኖሮ ወደ ማጀታቸው ለመግባት በየቀኑ ባላምባራስን ደጅ ሊጠኑ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ አያ ስንሻውን ያያል።

«ግድ የለም ባላምባራስ» አለ አያ ስንሻው፤ «ቤቱን ወደ መንገዱ እስኪያመጡልን ድረስ እንጠብቃለን።»

*

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት። ሱቋ ውስጥ በርበሬ እየለቀመች ነበር። በሚገባው ቦታ ሁሉ ሳቀችና፣ ወረቀቱን ሳጥፈው ቀና አለች።

«የዳኛውንስ?»

«የምን ዳኛ?»

«ውሉ ሲጸድቅ አያ ስንሻው ለዳኛው የተናገረውን ነዋ። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርሽኝም።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂማ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ነገረችኝ። ነገሩ ያው ወደ ጓዳ ከተመሩት ዳኛ ፊት ደረሰ። አቶ ምንይችል ቀስ እያሉ ስለ መግቢያው ተናገሩ፤ ዳኛውም መንገዱ ከቤቱ ጋር በውሉ እንዲገባ አዘዙ። ወይዘሮ እንጉዳይ አለቀሱ። ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት ግን ዳኛው ከሰው መሐል አያ ስንሻውን አዩት።

«ስንሻው፣ ደግሞ ዛሬ ወዴት ልትመራኝ ነው?»

«ዛሬስ እርስዎ ይምሩን ጌታዬ።»

«እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ያ የአዲስ አበባው ጠበቃ ትልልቅ ችሎት የቆመ፣ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ይኼኛውን ከዚህ ከተማ ውጭ የሚያውቀው የለም። በምን መዝነህ ነው ያንን ትተህ ይኼን የመረጥከው?»

አያ ስንሻው መጀመሪያ አቶ ምንይችልን፣ ቀጥሎ ወይዘሮ እንጉዳይን አየ።

«ጌታዬ፣ ያኛው ቢያጠፋ አውቶቡስ አለው፤ ይኼኛው ቢያጠፋ ዕድር አለው።»

*

ስልኬ ላይ የአዲስ አበባው ጠበቃ መልእክት ተቀምጦ ነበር፤ «ሰነዱን ላኪልኝ፣ ስለ ሌላው አታስቢ» ይላል። አመስግኜ፣ ሌላ ሰው እንደያዝን ጻፍኩለት። ገና አልያዝንም ነበር። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ገበያው ዳር በእግሬ ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼው ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ሁሉም ከአእምሮዬ ጠፋ።

አግዳሚው ሞልቷል። ጠበቃው፣ ጠና ያሉ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ያያሉ።

«ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፤ ምን ልርዳሽ?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ግን አልተመለስኩም፤ ከጠፉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያልነበረች አንዲት ጥያቄ አፌ ላይ አገኘሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ዕድርዎ የት ነው?»