ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚዞር ጀልባ

አንዲት ሴት ነበረች። ጫሞ ሐይቅ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት። አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ባሏ ትቶላት የሄደው ነገር ትንሽ ጀልባ ነው፤ እሱም ሙሉው የሷ አይደለም። ግማሹ የባሏ ወንድም ነው። ስሙ አንጁሎ።

ይቺ ሴት አንጁሎን አታምነውም።

ለምን? ልንገራችሁ።

እነሱ ሰፈር ናይል ፐርች የሚሉትን ትልቁን ዓሣ እየጎተቱ ነው የሚይዙት። ከጀልባው ኋላ ሁለት ረጅም ክር ይለቃሉ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ክሩ ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት ያለው መንጠቆ አለ። ጀልባው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ብረቱ ከኋላ እንደ ትንሽ ዓሣ እየተወዛወዘ ይከተላል። ትልቁ ያየውና ይውጠዋል። ይኸው ነው ሥራው።

ወንድማማቾቹ ገና ሲጀምሩ ተስማምተዋል። የቀኙ ክር የታላቁ፣ የግራው የታናሹ። በቀኝ የመጣ ለቀኙ፣ በግራ የመጣ ለግራው። ታላቁ ሞተ። ስምምነቱ ግን አልሞተም፤ የቀኙ ክር የሚስቱ ሆነ። እሷ ዳር ትጠብቃለች፣ አንጁሎ ሁለቱንም ክር ይዞ ይወጣል።

ታዲያ ግራው ይይዛል። ቀኙ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይይዝም። ዛሬ ግራው። ነገም ግራው። በሳምንቱም ያው ግራው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? እውነቱን ተናገሩ!

እሷም አሰበች።

አመሻሽ ላይ አንጁሎ ከራሱ ዓሣ አንዱን አንጠልጥሎ ይመጣል። "እትዬ፣ ይቺን ጥበሺና ብዪ።" ትቀበለዋለች። በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ዓሣውን እያየች፣ "ንጹሕ ሰው ቢሆን ለምን ይሰጠኛል? አፌን ሊያሲዘኝ ነው" ትላለች።

አያችሁ? ባይሰጣት ሌባ ነው። ሲሰጣት ደግሞ የሚያባብል ሌባ ሆነ። ምን ያድርግ ሰውየው?

ጎረቤቷ አስናቀች ደግሞ አለች፤ ገበያ ላይ አብራት ዓሣ የምታፀዳ። እሷም ዝም አላለችም።

"አንቺ ሞኝ ነሽ እንዴ? ዓሣው ግንባሩ ላይ 'የቀኝ ነኝ' ብሎ ጽፎ ነው የሚመጣው? ሐይቁ መሀል ማን አየው?"

"ማንም አላየው።"

"እኮ!"

ያቺ "እኮ" ሆዷ ገብታ ቁጭ አለች። አብራት ተኛች፣ አብራት ተነሳች። አንጁሎ ከነጋዴ ጋር ቆሞ ሲያወራ ታያለች፤ "የኔን ዓሣ እየተዋዋሉ ነው።" ሲስቅ ትሰማለች፤ "በኔ ነው የሚስቀው።" ዝም ሲል ታያለች፤ "ምን እያሰበ ነው?"

በመጨረሻ ሽማግሌዎችን ጠራች። "እሑድ ከቸርች ስትወጡ ቤቴ ኑልኝ። ጀልባውን አካፍሉን።"

ጀልባ ደግሞ በመጋዝ አይካፈልም። መሸጥ ነው። ከተሸጠ አንጁሎ ሌላ ሥራ የለውም። እሷም ሌላ በቂ መተዳደሪያ የላትም፤ ልጇ ምስጋና ከተማ የምትማረው በዚያው ጀልባ ነው። ይሄ ሁሉ አልጠፋትም። ቢሆንም ተበላሁ ብላለች። ተበላሁ ያለ ሰው ደግሞ የራሱንም ቤት ያቃጥላል።

አንድ ነገር ግን ጎደላት። ሽማግሌዎቹ "በዓይንሽ አየሽ ወይ?" ይሏታል። አላየችም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ለዕረፍት የመጣችውን ልጇን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች።

"አንጁሎ፣ ምስጋና የአባቷን ጀልባ ወጥታበት አታውቅም። ይዘኸን ውጣ።"

"አንቺም?"

"እኔም። ምነው፣ ከበደህ?"

"እኔን አይደለም፣ ጀልባውን ነው የሚከብደው" ብሎ ሳቀ።

ምስጋናም ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም። አሁን ይሄ ምን ያስቃል?

አንጁሎ ኋላ ሞተሩ ጋ ተቀመጠ። ምስጋና የቀኙን ክር ያዘች። እናትየው መሀል ላይ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ቁጭ አለች። ሐይቁን አላየችም። ጉማሬ ብቅ ሲል ልጅቷ ስትጮህ እንኳን ዞር አላለችም። እጁን ነው የምታየው።

ሄዱ። ሸምበቆው ጋ ሲደርሱ አንጁሎ ወደ ግራ አዞረ። እሺ። ተመልሰው ዳር ሲደርሱ፣ ወደ ግራ። እንደገና ሸምበቆው፣ እንደገና ወደ ግራ።

ወደ ቀኝ አይዞርም እንዴ ይሄ ሰውዬ?

ክሮቹን አየች። አሁን ገባት። ጀልባው ወደ ግራ ሲዞር የግራው ክር ይላላል፤ ብረቱ ወደ ታች ይሰምጣል። የቀኙ ክር ግን በውጭ በኩል ረጅሙን መንገድ ይዞራል፤ ይፈጥናል፣ ይወጠራል፣ ብረቱ ወደ ላይ ይወጣል። ትልቁ ዓሣ ያለው የት ነው? ታች!

እዚያው እያየች የግራው ክር ተወጠረ። አንጁሎ ጎተተ፣ ጎተተ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ዓሣ ጀልባው ውስጥ ጣለ። ምስጋና አጨበጨበች።

"አዎ፣ አጨብጪ" አለቻት እናቷ። "የአባትሽን ሲወስዱብሽ አጨብጪ።"

"ምን አልሽ እማዬ?"

"አንጁሎ!"

"አቤት እትዬ።"

"ወደ ቀኝ መዞር አይቻልም?"

"ይቻላል።"

"ታዲያ?"

"እዚህ ጋ ግራ ይሻላል።"

"ለማን?"

አንጁሎ ወደ ውሃው አየ።

"ለማን ነው የሚሻለው?"

"እትዬ፣ ለሽርሽር ነው የወጣሽው ለምርመራ?"

"ለምርመራ!"

"እማዬ በናትሽ..." አለች ምስጋና።

"አንቺ ክርሽን ያዢ። ስማ አንጁሎ፣ ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ለማን እንደሚሻል ለነሱ ትነግራቸዋለህ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ሽማግሌ? በኔ ላይ?"

"ባንተ ላይ። አሁን ወደ ቀኝ አዙር።"

"እትዬ፣ ተይ ይቅርብሽ።"

"አዙር አልኩህ!"

የቀኙን ክር አየ። እሷን አየ። አዞረ።

የቀኙ ክር ላላ። ሰመጠ። ከዚያ ቀጥ!

"ያዘ! ያዘ!" ልጅቷ ጮኸች። እናትየው ክሩን ከእጇ ነጠቀቻት።

"አየህ! አየህ አንተ ቀጣፊ! ገና ከመዞርህ!"

አንጁሎ ሞተሩን አጠፋ። "እትዬ አትጎትቺ! ልቀቂው፣ ወደ ኋላ ልመለስ!"

"ልቀቂው? ጭራሽ ልቀቂው?"

በሁለት እጇ ጎተተች። እግሯን ጀልባው ላይ ተክላ ጎተተች። የዚያን ሁሉ ጊዜ ንዴቷን ጎተተችው። ክሩ ብጥስ አለ። ልጇ ላይ በጀርባዋ ወደቀች።



"ዓሣ አይደለም እኮ" አለ አንጁሎ ቀስ ብሎ። "ግንድ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ዳር የነበረውን ዛፍ ሁሉ ውጦታል። ዓሣው የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው። መንጠቆም የሚቀረው እዚያው ነው። የኔ ስንቱ እንደቀረ አልነግርሽም፤ እኔ ከሱቅ እገዛለሁ። የወንድሜ ግን ከማንኪያ ቀጥቅጦ በእጁ የሠራት ናት። ሌላ የላትም። ግንዱ ጋ ስደርስ የሱን ወደ ላይ፣ የኔን ወደ ታች አደርጋለሁ። ሌላ ምንም ተንኮል የለኝም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለቅሶው ላይ ምን እንዳልሽኝ ረሳሽው? 'የሱን መንጠቆ ከጣልክ ዓይንህን አላይም' አልሽኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።"

እሷ ረስታዋለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ይላል። እሱ ግን በልቡ ይዞት በሐይቁ ላይ ሲዞር ከረመ።

"ዓሣ ከምናጣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

የተበጠሰውን ክር ሰብስባ ጠቀለለች። 

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንጁሎም መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

"እህ፣ ማን ነው የበደለሽ?"

"የባሌን መንጠቆ ግንድ ላይ በጠስኩት" አለች።

"ክሱስ?"

"ክሱ ይሄ ነው።"

"ለዚህ ነው ከምሳችን ያስነሳሽን?" አሉ አንደኛው። ከዚያ ፊቷን አዩና ጠጋ አሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የገበያውን ወሬ፣ በሩን ዘግታ ያለችውን፣ ቀጣፊ ብላ የሰደበችውን። እሱ አጠገቧ እያለ ነገረቻቸው። ስትጨርስ አንጁሎ፣ "እኔም ዝም ማለቴ ልክ አይደለም" አለ።

ጀልባው አልተሸጠም። ሰኞ አንጁሎ የቀኙ ክር ላይ የሱቅ መንጠቆ አሰረ። "የሱን አይተካም" አላት፤ "ግን ቢቀርም አናለቅስም። አሁን በፈለግሽው በኩል እዞራለሁ።"

አሁን ወደናንተ ልምጣ።

አትጠርጥሩ እያልኳችሁ አይደለም። ሌባ አለ። ቸርች ውስጥም አለ፤ አታፍጡብኝ። ይቺ ሴት ያየችው ነገርም ውሸት አልነበረም። ጀልባው እውነት ወደ ግራ ይዞራል! የቀኙ ክር እውነት አይይዝም! ያየችውን አይታለች። ያልጠየቀችውን ግን አታውቅም።

ለማን ተናገረች? ለአስናቀች። ለሽማግሌ። ማታ ማታ ለራሷ። ለአንጁሎስ? ክስ ነው ያመጣችለት። "ለማን ነው የሚሻለው?" ስትለው መልሱን ይዛ ነው የመጣችው። ይሄ ጥያቄ ይባላል? አይባልም።

እናንተስ? ማን ነው ወደ ግራ የሚዞርባችሁ? ስልክ ሲደወልለት ተነስቶ ውጭ የሚወጣው ባልሽ ነው? ስትገባ ወሬዋን የምታቆመው እህትህ ናት? ስምህን ከፕሮግራም የሚዘለው የመዘምራኑ መሪ ነው? ስለሱ ከስንት ሰው ጋር አወራችሁ? ከሱ ጋርስ?

እናንተ ደግሞ አንጁሎዎች፣ አላችሁ፣ አያችኋለሁ። ደግ መሆናችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። እሷ በምን ትወቅ? "ጌታ ያየኛል" ብላችሁ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። ጌታ ያያችኋል፣ እሺ። እሷ ግን ባዶ ክር ነው የምታየው። አፍ የተሰጣችሁ ለመዝሙር ብቻ ነው እንዴ? ንገሯት!

ያ ሰው ምናልባት አሁን ከፊታችሁ ወንበር ላይ ነው። ጀርባውን እያያችሁት ነው። ስንጨርስ እንዳታመልጡት። በሩ ላይ ጠብቁትና ለብቻው ወሰድ አድርጋችሁ፣ "እንዲህ ስታደርግ አየሁ፤ ለምንድነው?" በሉት።

ከዚያ ዝም በሉ። ከባዱ እሱ ነው። ተናግሮ እስኪጨርስ ክሩን አትጎትቱ።