ዘግይቶ የደረሰው አሞሌ

አንድ ጊዜ፣ የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ በዓለም ላይ የነበራትን ብቸኛ ሀብት፣ ኮቴዋን የሚያህል የአሞሌ ስባሪ፣ በአያ ጅቦ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። የጣለችው በቀን በብርሃን፣ የአገሩ እንስሳት ሁሉ ቆመው እያዩ ነው።

አሞሌው ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ዳለቻ ያረጀችው ከጨው ነጋዴዎች ጋር ቆላና ደጋ ስትመላለስ ነው። ጀርባዋ ተልጦ ጭነት አልችል ሲል ነጋዴዎቹ በአንድ የአሸዋ ወንዝ ዳር ትተዋት ሄዱ። በመንገድ የተሰበረውንም አሞሌ ለገበያ አይሆንም ብለው እዚያው አጠገቧ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አንድ ጊዜ ትልሰውና መልሳ ከድንጋይ ሥር ትደብቀዋለች። ሌላ የሚያጽናናት ነገር አልነበራትም።

ታዲያ ለምን ጣለችው? ነገሩ እንዲህ ነው።

ወንዙ በበጋ ላዩ አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው ግን ከአሸዋው ሥር አለ። ዳለቻ አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ እያሸተተች በኮቴዋ ቆፈረች። አሸዋውን አልፋ ጠጠር ላይ ስትደርስ ከጠጠሩ መሃል ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ወሬውን እንደሰማ አያ ጅቦ መጣና «እንኳን ቆፈርሽልኝ!» ብሎ ዘው አለበት። ዳለቻ አልተከራከረችም። ቁልቁል ወርዳ፣ ስትጮኽ ድምጿ ላይኛው ጉድጓድ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሌላ ቆፈረች። ከዚህም እሷና በቅርቡ የወለደች አንዲት ሚዳቋ ይጠጡ ጀመር።

በአገሩ ንጉሥ በአንበሳ ትእዛዝ፣ ክረምት እስኪገባ ድረስ በውሃ ዳር ማንም ማንንም አይበላም ነበር። አያ ጅቦ አንበሳን ይፈራል። ስለዚህ በድርቁ የሞቱ ከብቶችን ከሩቅ እየጎተተ ያመጣና ሥጋው በፀሐይ እንዳይደርቅበት ጉድጓዱ ውስጥ ይነክረዋል። የቀረው ሲበሰብስ ሌላ ይጨምርበታል።

ዳለቻ ይህን ስታይ ደነገጠች። ስትቆፍር ያስተዋለችው ነገር ነበር፤ ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ሁልጊዜ በተራራው በኩል ካለው ግድግዳ ነው። ደግሞም የአያ ጅቦ ዘመዶች መጥተው ላይኛውን ጉድጓድ ሲያጎድሉት፣ በማግስቱ ታችኛውም ዝቅ ይላል።

«ልጄ» አለቻት ሚዳቋን፣ «ይህ ውሃ የቆመ አይደለም። እየሄደ ነው። ዛሬ እሱ ዘንድ ያለው ነገ እኛ ዘንድ ይመጣል።»

ሚዳቋ ግልገሏን አየችው። እግሩ ገና አልጸናም፤ ሲጠጣ እንኳ ይንገዳገዳል።

«ያ ሁሉ ብስባሽም ይመጣል?»

«ይመጣል።»

በማግስቱ አንበሳ ፊት ቀረቡ። አያ ጅቦ እመት ቀበሮን ጠበቃ አድርጎ መጣ፤ ለድካሟ አንድ ቅልጥም ሰጥቷታል።

«ጌታዬ» አለች ዳለቻ፣ «ጉድጓዱን ይውሰደው፣ እስኪጠግብም ይጠጣ። ሥጋውን ብቻ ያውጣልን። ውሃው አንድ ነው።»

«አንድ?» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «እኔ ላይ ነኝ፣ አንቺ ታች ነሽ! ሁለት ጉድጓድ ነው። ብዙ መቁጠር ባልችልም ሁለት ላይ ግን ተሳስቼ አላውቅም!»

እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ፣ እትዬ ዳለቻን ሁላችንም እናከብራታለን። ግን በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ሄደንበታል፣ ተኝተንበታል። እሱ ራሱ ሲሄድ ያየው ማን ነው?»

እንስሳቱ ሳቁ።

«የሚሄደው አሸዋው አይደለም» አለች ዳለቻ። «በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ክፍተት አለ። ውሃው በዚያ እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው።»

«ሲሹለከለክ አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«ጌታዬ፣ ሰሙልኝ?» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ወደ ዳለቻ ዞረ። «ካላየሽው በምን ታስረጃለሽ?»

ዳለቻ ወጥታ ሄደች። ስትመለስ አሞሌውን በጥርሷ ይዛ ነበር። ፊታቸው አስቀመጠችው። «ይህን ላይኛው ጉድጓድ ውስጥ እጥለዋለሁ። በዚህ አገር ሌላ ጨው የለም። ታችኛው ውሃ ጨው ጨው ካለ እውነቴን ነው፤ ካላለም ዋሽቻለሁ።»

«መቼ ነው የሚለው?» አለ አንበሳ።

ዳለቻ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ የለካችው በጭነት አህያ እርምጃ ነበር። ከላይኛው እስከ ታችኛው ጉድጓድ ያለው ርቀት ለጭነት አህያ እንደ መንገድ የሚቆጠር አይደለም። አሸዋው ውስጥ መጨናነቅ አለ ብላ ለራሷ ጊዜ ጨመረችና «ጨረቃ እስክትሞላ» አለች።

ጨረቃዋ በየዕለቱ እያደገች ሄደች። ዳለቻ በየማለዳው ምላሷን ታችኛው ውሃ ውስጥ ታስገባለች። ሚዳቋ አጠገቧ ቆማ ትጠብቃለች።

«መጣ?»

«ገና ነው።»

ምሽት ላይ ዳለቻ ከልማድ የተነሳ ወደ ድንጋዩ ትሄድና ሥሩ ባዶ መሆኑ ሲታወሳት ትመለሳለች።

ጨረቃዋ ሞልታ ባደረች ማግስት አንበሳ ራሱ ወርዶ ቀመሰ። ውሃው ጨው የሚባል ነገር አልነካውም።

«እኔ ግን አመሰግናለሁ!» አለ አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ። «ሥጋዬ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም። ሌላ አሞሌ የለሽም?»

ሳቁ ከወንዙ ዳር እስከ ዳር ተሰማ። አንበሳም ፈረደ። አያ ጅቦ በጉድጓዱ እንደፈለገው እንዲያደርግ ተፈቀደለት፤ ዳለቻም ስለ ውሃ ሁለተኛ አንዳች ነገር እንዳትናገር ታዘዘች።

ሁሉም ሲበተን ዳለቻ ብቻዋን ቀረች። ሚዳቋ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እትዬ ዳለቻ፣ አሁን ምን ይሻለናል?»

«ተሳስቻለሁ። የተሳሳትኩት በቀኑ ይሁን በውሃው ግን አላውቅም። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«እኔ ስለ ውሃ ምንም አላውቅም» አለች ሚዳቋ። «ያን አሞሌ ስትልሺው ግን አይቼሻለሁ። ለውሸት የምትሰጪው ነገር አልነበረም።»

ዳለቻ ዓይኗን ወደ ተራራው በኩል አነሳች። «እንግዲያው ወደ ላይ እንሂድ» አለች። «ከጅቦ ጉድጓድም አልፈን እንውጣ። ከእሱ በላይ ብቆፍር ውሃው እሱን ሳይነካ እኛ ዘንድ ይደርሳል።»

«ልጄ ያን ያህል አይሄድልኝም።»

አሮጊቷ አህያ አሸዋው ላይ ተንበረከከች። ሚዳቋ ወደኋላ አለች። «ኧረ ተይ፣ ጀርባሽ ተልጧል!»

«ዕድሜዬን ሁሉ የተሸከምኩት ሌላው የጫነብኝን ነው። ይህን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ልጅሽን ትከሻዬ ላይ አውጪው።»

ግልገሉ ትከሻዋ ላይ ተጋድሞ አንገቷን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። በአያ ጅቦ ጉድጓድ አጠገብ ሲያልፉ አያ ጅቦ «ጨው ጨርሳ ሚዳቋ መነገድ ጀመረች!» ብሎ ሳቀባቸው። ዳለቻ እርምጃዋን አላፈጠነችም፤ ግልገሉ እንዳይወድቅ ትፈራ ነበር።

አዲሱ ጉድጓድ አስቸጋሪ ነበር። ጠጠሩ ጠለቅ ብሎ ነው የተገኘው፤ የዳለቻም ኮቴ አልቋል። እሷ ስትቆፍር ሚዳቋ አሸዋውን በእግሯ ወደኋላ ትገፋለች። በመጨረሻ ውሃ ወጣ። ግልገሉ ጠጣ፣ ውሎ አድሮም እግሩ ጸና። ዳለቻ ግን ማለዳ ማለዳ ዓይኗ ቁልቁል ወደ ታችኛው ጉድጓድ መሄዱን አልተወም። ስለ ውሃ እንዳትናገር ተከልክላለች፤ እንዳታስብ ግን ማንም አልከለከላትም።

በጋው ሊያልቅ ሲል ላይኛው ጉድጓድ ለአያ ጅቦ አፍንጫ እንኳ የማይቻል ሆነ። እሱም ብስባሹን እንዳለ ትቶ ወደ ታችኛው ወረደ። አንድ ማለዳ ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላው።

«ኑ! ኑ! ውሃው ጨው ሆኗል! ከመሬት የተቀመመ ውሃ አገኘሁ!»

የዳለቻ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። የቻለችውን ያህል እየሮጠች ወረደችና ምላሷን ነከረች። ለዓመታት የላሰችው የራሷ አሞሌ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ነጋዴዎች ሲጓዙ ፊተኛው አህያ ከቆመ ኋለኛውም ወዲያው ይቆማል፤ ኋለኛው አህያ የተሸከመው ጭነት ግን ፊተኛው ያለበት ቦታ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የውሃው መጉደል ቶሎ ይሰማል። ውሃው ራሱ ግን በጠጠሩ መሃል ከኤሊ በዘገየ እርምጃ ነው የሚጓዘው።

«አያ ጅቦ፣ አትጠጣ!» አለችው። «ጨው ከደረሰ አብሮት የተነከረውም በመንገድ ላይ ነው።»

«ምቀኛ! አንቺ ለመናገር ተከልክለሻል!» አለና እየተጎነጨ ጠጣ። ዘመዶቹም ጠጡ።

ብዙም ሳይቆይ ከጨው በኋላ ሽታው መጣ፤ ከሽታው በኋላ የሆድ ቁርጠት። አያ ጅቦ ሆዱን አሸዋ ላይ እየጎተተ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ወጣ። ሚዳቋ ግልገሏን ከኋላዋ ደበቀች።

«እትዬ ዳለቻ» አለ፤ እትዬ ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ሁለት አይደለም ማለት ነው?»

«አንድ ነው፣ አያ ጅቦ። ና ጠጣ። ሥጋህን ግን ከጉድጓድህ ጎትተህ ታወጣና አርቀህ ትቀብራለህ።»

አንበሳም ሰምቶ መጣ። ሁለቱንም ውሃ ቀመሰና «በቀኑ ተሳሳትሽ እንጂ በነገሩ አልተሳሳትሽም። ከዛሬ ጀምሮ ተናገሪ» አላት።

ዳለቻ በዚያ ቀን የደስታ ስሜት አልተሰማትም፤ ደክሟት ነበር። ያመነቻት ሚዳቋ ብቻ እንደነበረች አስባ፣ እሷም በቂ ናት ብላ፣ ቅጠል ፍለጋ በጉድጓዱ ጀርባ ባለው ቁጥቋጦ በኩል ዞረች። እዚያ አንዲት ቀጭን መንገድ አየች። በቅርብ የተጀመረች አይደለችም፤ ሣሩ አልቆባት መሬቱ ጠንክሯል። መንገዷ ከቀበሮ ጎሬ ወጥታ በቀጥታ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ትወርዳለች። ጫፏ ላይ እመት ቀበሮ ከልጆቿ ጋር ውሃ ትጠጣ ነበር።

ዳለቻ አልጮኸችባትም። ትንሹ የቀበሮ ልጅ ውሃው ጋ መድረስ ሲያቅተው አይታ የጉድጓዱን አፍ በኮቴዋ ዝቅ አደረገችለት። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

ቀበሮ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ውሃው ከወጣበት ማለዳ ጀምሮ። አንቺ ሳትነሺ አምጥቼ እመልሳቸዋለሁ። በፍርዱ ቀን ቅልጥሙን በልቼ ነበርና ያልኩትን አልኩ፤ ልጆቼን ግን አንቺ ስለ ውሃው ከተናገርሽበት ቀን ወዲህ ከታችኛው ጉድጓድ አንድ ጉንጭ አላጠጣኋቸውም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የመሬት ውስጥ ውሃ በራሱ እርምጃ እየተጓዘ ላይ የተጣለውን ታች እንደሚያደርስ፣ ይህንንም እያወቅን ለልጆቻችን የማናጠጣውን ውሃ ለሌላው ልጅ ንጹሕ ነው ብለን መመስከር እንደማይገባን ነው።