ሥጋ የጠገበ አጥንት

አቶ ዘርጋው ጾም ሻረ የተባለውን ሁሉ በአደባባይ የሚገሥጹ የደብር ሹም ነበሩ። ልጃቸው የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ላግባ ቢላቸው እንቢ አሉ። በዚያው ሰሞን ከደብሩ ሥር የጥንት መቃብር ያገኙ ተመራማሪዎች፣ አጥንት የበላውን አይረሳምና ሁለት አጥንቶች መርምረው አንደኛው ሰው ሥጋ ሲያዘወትር፣ ሌላው በእህል ብቻ እንደኖረ ተናገሩ።

አቶ ዘርጋው ሸክላ ሠሪዋን ሰው ፊት አስጠሯት።

«ሰማሽ? ሥጋ በሊታው የእኔ ዘር ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከሥጋ ተለይቶ አያውቅም። እህል በሊታው ያንቺ ነው። ታዲያ እንዴት አድርገን እንጋባለን?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋ አደረገች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ አይሆንም። ሁዳዴን ሥጋ ሲበላ ለከረመ ዘር ልጄን አልድርም።»