አንጓች ውሃ

ከቁር አምባ መንደር በታች፣ የቆላው መንገድ ተጠማዞ ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ በሚያሳጥርበት ቦታ፣ ከአንድ ያረጀ የኮሶ ዛፍ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች፤ ስሟ አንጓች ውሃ ይባላል። ውሃዋ ጥርስ ያንገጫግጫል። የቁር አምባ ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ ቢጋገር እንኳ፣ በዚህች ምንጭ እጁንም እግሩንም አስቀድሞ አይታጠብም፤ መጀመሪያ ለእናቱ እጅ ውሃ ማፍሰስ አለበት። አሁን አሁን መንገዱ ለመኪና ተጠርጎ ልጆቹ ከከተማ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከሩቅ የሚያውድ ሳሙናም ይዘው ይወርዳሉ። ሳሙናው ግን እናት ሳትታጠብ ከቦርሳ አይወጣም። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ መልሱን ቶሎ አይሰጡትም። መጀመሪያ መሬት መሬት ያያሉ፤ ነገሩ የሚያኮራ አይደለምና።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ የቁር አምባ ሰው ከውሃ ጋር እምብዛም አይዋደድም ነበር። ለፋሲካ፣ ለጥምቀትና ለጳጉሜን ይታጠባል፤ ሲያገባ ይታጠባል፤ ሲሞት ያጥቡታል። ከዚህ ያለፈው ቅብጠት ነው። ማለዳ የምንጩ ጠርዝ በረዶ ሠርቶ ለሚያገኘው ሕዝብ ይህ ብዙ የሚያስወቅስ አይደለም። «ብርድ የሚገባው በታጠበ ገላ ነው» ይሉ ነበር፤ የሱፍ ባናቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው እርስ በርሳቸው እየተሟሟቁ ስለሚቀመጡም የአንዱ ሽታ ለሌላው አይታወቀውም። የቆላ ሰው በበኩሉ ጠዋትና ማታ ወንዝ ሳይወርድ ምግብ አይቀምስም። ደገኛ እንግዳ በመጣበት ቁጥር ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ ነው የሚቀመጠው አሉ። ደገኛው ደግሞ ቆለኛውን «ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው እንዲህ በየቀኑ የሚታጠበው?» እያለ ይጠረጥረዋል። እንዲህ እየተናናቁ፣ ግን ገብስና አሞሌ እየተለዋወጡ ይኖሩ ነበር።

በዚያ ዘመን እመት አንጓች የምትባል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በቁር አምባ ነበረች። ያላት ልጅ ገሠሠ ብቻ ነው። ገሠሠ ጢሙ በቅጡ ሳያቀመቅም ከአሞሌ ነጋዴዎች ቅፍለት ጋር ቆላ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ቅፍለቱን ንዳድ ፈጀው የሚል ወሬ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እርምሽን አውጪ ቢላት አንጓች እምቢ አለች። ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ደጁ ላይ ተደፍታ፣ «ልጄን ብቻ መልስልኝ፤ እሱ በገዛ እጁ ውሃ እስኪያፈስልኝ ድረስ ገላዬን ውሃ፣ ጠጉሬን ቅቤ አይንካው» ብላ ተሳለች። ፋሲካው መጣ፣ ጥምቀቱ መጣ፤ አልታጠበችም። ጠጉሯ ተያይዞ ቆብ መሰለ፤ ነጠላዋ ከገላዋ ጋር አንድ ሆነ። በመታጠብ የማይታማው የቁር አምባ ሰው እንኳ በቅዳሴ ጊዜ ከአጠገቧ ገለል ማለት ጀመረ። እሷም ይህን ስታውቅ ከደጀ ሰላሙ ውጭ መቆም ለመደች። ስለቷን ግን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ስለነበር ማንም ክፉ አልተናገራትም።

ገሠሠ አልሞተም ነበር። ንዳዱ ለቆት፣ ባላምባራስ ወንድይራድ በሚባሉ አንድ የቆላ ባለርስት ቤት ተጠግቶ ሥራ ያዘ። መጀመሪያ በገባበት ቀን ውሃ ቀጂዎቹ ልጃገረዶች በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ሲሳሳቁ አየ። እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። ያን ዕለት ወንዝ ወርዶ ቆዳው እስኪቀላ በድንጋይ ፈተገው። ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም ወንዙ ውስጥ ነው፤ ቆለኞቹ አንዴ ሲታጠቡ እሱ ሁለቴ። ሲታጠብ ሲታጠብ አገሩን ከላዩ የሚያነሳ መሰለው። የደጋ ነጋዴ ባለፈ ቁጥር ልጃገረዶቹን ቀድሞ አፍንጫውን የሚይዘው እሱ ሆነ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ስለ እናቱ ሲጠየቅም፣ «እናቴማ ነጠላዋ ላይ ዝንብ ካረፈባት የምትለውጥ እመቤት ናት» ይል ነበር። በዚህ በዚህ ባላምባራሱ ወደዱትና ልጃቸውን ማሪቱን ዳሩለት።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ባላምባራሱ የአማቻቸውን ዘመዶች አይተው ለመመለስ፣ ያችንም ንጽሕት እመቤት እጅ ለመንሳት ቆርጠው ተነሡ። ገሠሠ እንቅልፍ አጣ። ወደ ቁር አምባ የሚወጣ ነጋዴ ፈልጎ፣ «ለእናቴ በሕይወት አለሁ፣ ከአማቶቼ ጋር እየመጣሁ ነው በላት። አደራህን፣ ገላሽን ታጠቢ ብሏል በላት» ብሎ ላከ። ነጋዴውም አደረሰ። አንጓች መሬት ስማ፣ እልል ብላ፣ አልቅሳ ስታበቃ፣ «ታጠቢ አለኝ? ስለቴን ሰምቷል ማለት ነው! እንዴታ፣ እሱ ሲያፈስልኝ እታጠባለሁ» አለች። እንስራዋንና ቅሏን ይዛ ወርዳ ምንጩ ዳር ተቀመጠች፤ ቤት ደርሶ ጎንበስ እስኪል እንኳ መታገሥ አልቻለችም።

ገሠሠ በቅሎው ላይ ሆኖ ከፊት ይመራ ነበር። ኮሶው ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ነገር አይቶ መጀመሪያ የተጣለ ደበሎ መሰለው። ከዚያ ደበሎው ተነሣ። እጆቹንም ዘረጋ። ገሠሠ ያን እጅ ከነጓጓላ አንጓው ያውቀዋል፤ የእናቱ ነው። ሽታው ግን ቀድሞ ደርሶ ነበርና ባላምባራሱ በቅሏቸውን ገትተው፣

«ይህች ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ያችን ቃል ግን ያ ሁሉ የወንዝ ውሃ ከአፉ አጥቦ ወስዷት ነበር። በቅሎው ጆሮ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣

«አላውቃትም፤ የመንገድ ለማኝ ትሆናለች» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንጓች ሰማች። ወደ ልጇ አየች፤ ወደ ባላምባራሱ አየች፤ የወርቅ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰችውንም ምራቷን አየች። ምን እንደ ሆነ እናት ናትና ወዲያው ገባት። የዘረጋችውን እጅ ሳታጥፍ መዳፏን ብቻ ወደ ላይ ገልብጣ፣ «አዎን ጌቶቼ፣ ለማኝ ነኝ። ስለ አቦ አትለፉኝ» አለች።

ማሪቱ ሆዷ ባባ። ከበቅሎዋ ወርዳ ቅሉን አነሣችና፣ «እናቴ፣ ምጽዋቱ ይቆይና እስቲ መጀመሪያ እጅዎን ላስታጥብዎ» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ በአገሯ ለደከመው ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው ውሃ ነው። አንጓች ግን ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ተይኝ ልጄ፣ ስለት አለብኝ።»

«የምን ስለት?»

 ስለቷን ብትናገር ልጇ ሊጋለጥ ነው። ገሠሠ አሁንም የበቅሎውን ጆሮ እያየ ነው፤ በልቡ ግን «አትናገሪ፣ አትናገሪ» ይል ነበር፤ ስለቱ ምን እንደ ሆነ ባያውቅም የሚጠራው የእሱን ስም እንደ ሆነ ጠርጥሯል። እናቱ እጇን ወደ ቅሉ ዘረጋች።

«ምንም አይደል። አፍስሽልኝ ልጄ» አለች።

ማሪቱ አፈሰሰች። እጇን፣ ፊቷን፣ እግሯንም አጠበቻት። ከፊቷ ላይ የሚወርደው የትኛው ውሃ የትኛው እንባ እንደ ሆነ የሚለይ አልነበረም። ከዚያ እንግዶቹ ወደ መንደር ወጡ። ገሠሠ ዞር ብሎ አላየም።

መንደሩ በዕልልታ ተቀበላቸው፤ የአባቱ ወንድም አያ ጥጋቡ በግ ጥሎ ጠላ ጠምቆ ጠበቃቸው። ሁሉም አንጓች ከምንጩ ከኋላ የምትመጣ መስሎት ገሠሠን እየሳመ «እንኳን ደስ ያላት!» ይለዋል፤ እሱም ማን ደስ እንዳላት ሳይጠይቅ እያጎነበሰ ያልፋል። ባላምባራሱ እመቤቲቱን ገና እየጠበቁ፣ ገበታው ቀርቦ መብላት እንደ ተጀመረ ማሪቱ ለወሬ ያህል፣ «ምንጫችሁ ዳር አንዲት ምስኪን አሮጊት አግኝቼ አስታጠብኳት። ስለት አለብኝ ብላኝ ነበር፣ ኋላ ግን ተወችው» አለች።

 የአንዲት ሴት እጅ በወጡ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

«ማን ነው ያፈሰሰላት?» አሉ አያ ጥጋቡ።

«እኔ።»

«ገሠሠስ የት ነበር?»

«እዚያው፣ በቅሎው ላይ።»

ገሠሠ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አትቸኩልም። አያ ጥጋቡ ቀስ ብለው ስለቱን ከነምክንያቱ ለእንግዶቹ ነገሯቸው፤ ንዳዱን፣ እርም አላወጣም ማለቷን፣ ከደጀ ሰላም ውጭ መቆሟን። ገሠሠም ይህን ሁሉ ገና መስማቱ ነበር። ባላምባራሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«እኛ አገር ያልታጠበ ሰው ገበታ አይቀርብም» አሉ፤ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ነው።

«እኛም አገር እናቱን የካደ አይቀርብም» አሉ አያ ጥጋቡ፤ ይህንንም ሲሉ ዓይናቸው ገሠሠ ላይ ነበር።

ገሠሠ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልከለከለውም፤ ሁሉም ግን ተከተለው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ጫማውን ጥሎ ይሮጥ ነበር አሉ። አንጓች ወደ ቤቷ አልገባችም፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ ብላ ከኮሶው ጀርባ ተሸሽጋ ተቀምጣለች። ልጇ ሲመጣ አየች፤ ከኋላውም አማቶቹን አየች። ውሸቱ እንደ ፈረሰ አላወቀችምና፣ አሁንም ልትሸፍንለት፣ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

«ደኅና ዋሉ፣ አንቱ የማን ልጅ ነዎት ጌታው?»

የገዛ እናቱ አንቱ አለችው። ብትረግመው፣ ብትተፋበት ይሻለው ነበር። ተንበረከከ።  ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ኋላ በስንት ጭንቅ፣

«ያንቺ» አለ።

አንጓች አሁን ወደ አማቶቹ አላየችም። «ያንቺ» ሲል ደግሞ ሰማችው። ያን ጊዜ፣ «አፍስስልኝ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ» ብላ እጇን ሰጠችው።

ቅሉን አንሥቶ አፈሰሰ። ግን እጇ ታጥቦ ነበር። ዓመታት ለእሱ ብላ ያቆየችውን እድፍ ሌላ ሰው አጥቦት ሄዷል፤ ከመዳፏ የሚወርደው ውሃ እንደ ፈለቀ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ገሠሠ ይህን ሲያይ ነው ያለቀሰው ይላሉ። ማሪቱም እንዳያፍር ብላ ፊቷን አዞረችለት።

የንስሐ አባቷ ስለቱ ስለ መሰበሩ ሲጠየቁ፣ «የሰበረችው እሷ አይደለችም፤ ንስሐውም የእሱ ነው» አሉ። እናቱ እስክትሞት በየቀኑ በእጁ እንዲያስታጥባት፣ ከሞተችም በኋላ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ እያስቆመ እንዲህ አድርግ እያለ እንዲያስተምር አዘዙት። እሱም እስኪያረጅ አደረገው። ራሱ ጠዋትና ማታ መታጠቡን አልተወም፤ መንደሩም ከኋላው «ታጥቦ ጭቃ» እያለ መቀለዱን አልተወም፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍ ነበር። ስንት ጊዜ መታጠብ ይገባል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቀኑ ትላለች፤ ሽማግሌዎቹ ብርዱን ያሳይዋታል። በማን እጅ የሚለው ግን ያን ቀን ተቆርጧል።

ስለዚህ ዛሬም ልጅ ከሩቅ ሲመጣ እናት እንስራዋን ይዛ ወደ አንጓች ውሃ ትወርዳለች፤ ተምሮ ዶክተር ቢሆን፣ ገና የጫት መኪና ረዳት ቢሆን፣ ዓይኑን እያየች «አንቱ የማን ልጅ ነዎት ጌታው?» ትለዋለች። ፊቱ የማይቀላ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምንም ያላጠፋው እንኳ ያጠፋውን ይፈልጋል። እናት የሞተችበትም ዝም ብሎ አያልፍም። በበዓል ዋዜማ ወልደው ያልሳሙ አሮጊቶች ኮሶው ሥር ተሰብስበው ይቀመጣሉና፣ ከእነሱ አንዷ፣ ስሙን የማታውቀውን መንገደኛ፣ ያንኑ ትጠይቀዋለች። እሱም ቦርሳውን አውርዶ፣ ቅሉን አንሥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው «ያንቺ» ይላታል። አንተ ብላ የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው።