የይርገዱ አፍንጫና አልገጥም ያለችው ቁስል

ተረቴ መጣች፣ በር ክፈቱላት! ግን ካልሳቃችሁ አልጨርስላችሁም።

ይርገዱ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ድሮ አስተማሪ ስሟን ሲጠራ ዴስኩ ስር መግባት ነበር የሚያምራት። ዘንድሮ ግን ባዮሎጂ ገባትና እጇን ማውጣት ጀመረች። መምህር ደርበው "በወላጆች ቀን ስለ ነጭ የደም ሴል አንቺ ነሽ የምታስረጂው" ሲሏት በደስታ ልትበር!

ምን ዋጋ አለው፣ ሽኮኮዎች ከሚኖሩበት ገደል የመጣች ሚጢጢ ዝንብ አፍንጫዋን ነክሳት ቁንጭር የሚሉት አልድን ባይ ቁስል ወጣባት። በሻሽ ተሸፋፍና ስትሄድ ወንድሟ አዱኛ "ሽፍታዋ መጣች፣ ከብት አስገቡ!" ይላል። ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ መርፌውን ትፈራለች። አክስቷ እትዬ የሻረግ "የአዞ ሐረግ ቅጠል ለጥፊበት፣ ያቃጥለዋል" አሏት። በየጠዋቱ ትለጥፋለች፣ በየጠዋቱ ትጮኻለች።

አንድ ቀን መስታወት ያዘችና ለመነች።

"ቁስልዬ፣ ግጠሚልኝና ሻሼን ላውልቅ።"

"እምቢ! ዝንቧ ያስገባችብኝ ጥገኛ ተውሳክ ሳይሞት አልገጥምም።"

"አንተ ጥገኛ፣ ሙት!"

"እምቢ! እዚህ ዋጤ ሆድ ውስጥ ሞቆኛል። ዋጤ ካልፈጨኝ አልሞትም።"

ዋጤ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ወፍራም ነጭ የደም ሴል ነው። ውጦታል፣ መፍጨቱን ግን ረስቶታል።

"ጋሼ ዋጤ፣ ፍጨው እንጂ!"

"እምቢ! የሰራዊቱ አዛዥ ሴል 'ፍጭ!' ካላለኝ አልፈጭም።"

ዋጤ አልፈጨም፣ ጥገኛው አልሞተም፣ ቁስሏ አልገጠመችም፣ ይርገዱም ሻሿን አላወለቀችም።

"ጌታዬ አዛዡ፣ እዘዘው!"

"እምቢ! ጠላቱን ሳላውቀው? ተላላኪዋ ሴል ከልብሱ ቁራጭ ታምጣልኝ።"

አዛዡ አላዘዘም፣ ዋጤ አልፈጨም፣ ጥገኛው አልሞተም፣ ቁስሏ አልገጠመችም፣ ይርገዱም ሻሿን አላወለቀችም።

"እቴ ተላላኪዋ፣ በሞቴ አድርሺለት!"

"ቁራጩማ ይኸው በእጄ! ግን ሽማግሌው መንገዱ ላይ ቆመው 'ተይ ልጄ፣ ተመለሺ' ይሉኛል። እሳቸውን ገፍትሬ ልለፍ?"

ተላላኪዋ አላለፈችም፣ አዛዡ አላዘዘም፣ ዋጤ አልፈጨም፣ ጥገኛው አልሞተም፣ ቁስሏ አልገጠመችም፣ ይርገዱም ሻሿን አላወለቀችም። ትንፋሽ ልውሰድ!

ሽማግሌውም የደም ሴል ናቸው። ሥራቸው ማብረድ ነው፤ ሰራዊቱ ተናዶ የገዛ አገሩን እንዳያጠፋ ይገላግላሉ።

"አባባ፣ መንገድ ይልቀቁላት!"

"አልለቅም ልጄ። በየጠዋቱ እሳት በሚነሳበት ሰፈር ጦር ልጨምርበት? አፍንጫ የሚባል ይተርፍሻል? መጀመሪያ አቃጣዩ ያቁም።"

"ማን ነው እሱ? አሳዩኝና ላንቀው!"

"እስቲ እጅሽን አሽትቺው።"

አሸተተች። አዞ ሐረግ!

ለካ ይርገዱ መለብለቧን አላቆመችም፣ ሽማግሌው አልለቀቁም፣ ተላላኪዋ አላለፈችም፣ አዛዡ አላዘዘም፣ ዋጤ አልፈጨም፣ ጥገኛው አልሞተም፣ ቁስሏ አልገጠመችም፣ ይርገዱም ሻሿን አላወለቀችም! እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ቅጠሉን ወረወረችና፣ ሳቁ ሳይበርድ ፍርሃቱ ሳይቀድማት፣ አዱኛን እየጎተተች ጤና ጣቢያ ገባች።

"ወይኔ እናቴ! ሲስተር፣ ቀስ በይ!" ብላ ጮኸች ይርገዱ።

"ኧረ ገና ጓንቴን እያጠለቅኩ ነው!" አለች ነርሷ ማስተዋል።

አዱኛ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። እሷ ግን መርፌዋን ተወጋች።

ይርገዱ መለብለቧን ተወች፣ ሽማግሌው መንገድ ለቀቁ፣ ተላላኪዋ በረረች፣ አዛዡ "ፍጭ!" አለ፣ መድኃኒቱም ከጎን "አይዞህ!" አለው፣ ዋጤ ክርችችች አደረገና ፈጨ፣ ጥገኛው ሞተ፣ ቁስሏም ልትገጥም ስትል...

አልተቻለም! አዛዡ ድሉ አሰከረውና "ፍጭ! ፍጭ!" ማለቱን አልተው አለ። አፍንጫዋ ቲማቲም አከለ። ይርገዱ ደግሞ መጮህ አማራት።

ሽማግሌው ከዘራቸውን መቱ። "በቃ! ጠላት ሞቷል። ከእንግዲህ የምትፈጩት የልጅቷን ሥጋ ነው። ወደየቤታችሁ!"

አዛዡ አፈረ፣ ዋጤ አፉን ጠረገ፣ ቁስሏም "እንግዲህ ከለመናችሁኝ" ብላ እያደር እያደር ገጠመች። ጠባሳ ትታለች፣ ይሁን።

የወላጆች ቀን ይርገዱ ያለ ሻሽ መድረክ ላይ ቆመች። አፏን ማን ያቁመው! ስለ ዋጤ ስታወራ ወላጆች አጨበጨቡ፣ እትዬ የሻረግ "የኔ ልጅ ናት!" እያሉ ጎረቤታቸውን በክርን ጎሸሙ።

"በጣም ጥሩ ይርገዱ፣ ሰዓት አልቋል፣ ውረጂ" አሉ መምህር ደርበው።

"እምቢ!" አለች። "ሽማግሌው ጋ ሳልደርስ አልወርድም!"

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ለደረቀ አፌ ውሃ አቀብሉኝ።