ማተሚያ ቤቱ በማን እጅ ነው?

አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ሥራ አስኪያጁን በጭብጨባ ሸኝተው ቤቱን ራሳቸው ይመሩት ጀመር። ይህን የሰሙት ምክትል ሚኒስትር ደጃዝማች አስፋልኝ ወታደር አስከትለው መጡና ለአንዲት ፊደል ለቃሚ ወረቀት ሰጧት።

«ይህ አሁኑኑ ይታተም! እምቢ ካላችሁ ሁላችሁም ወህኒ ትወርዳላችሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ማተሚያ ቤቱ ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነው። ወሬ አትመኑ።»

ከዚያም እጅ ነስታ ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ!» አለች። «እኛ እኮ በእኛ እጅ ያለ መስሎን ነበር። በእጅዎ ከሆነማ እኛን ምን አስለመነዎት? የማተሚያ መኪናው ይኸውልዎት፤ ያትሙታ!»