በእትዬ በላይነሽ እጅ የተሳፈረው ጀርም

እኔ ተረት ተረት፣ እናንተ የላም በረት፤ ዛሬ ግን በረታችንን ሆስፒታል አድርጉት።

ድሮ ድሮ፣ በጋሽ ሽብሩ የእግር ቁስል ውስጥ አንድ ጀርም ከነወንድሞቹ ይኖር ነበር። ጋሽ ሽብሩ እቤታቸው ሆነው ኪኒን ዋጡ። ወንድሞቹ አለቁ፤ እሱ ጥግ ይዞ ተረፈ። ትንሽ ቢሻላቸው ጊዜ ጋሽ ሽብሩ "ድኛለሁ" አሉና የቀረውን ኪኒን ለጎረቤት ሰጡ። ደግነታቸው አይጣል ነው! ጀርሙም የኪኒንን ምት ለምዶ ተዋለደ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሽማግሌው ሆስፒታል ተኙ።

ኪኒን መጣ። "ውጣ!" አለው።

"ለምጄሃለሁ፤ አልወጣም።"

ካፕሱል መጣ። "ውጣ!" አለው።

"የኪኒን ወንድም አይደለህ? አልወጣም።"

መርፌ መጣ። "ውጣ!" አለው።

"አልወጣም! ይልቅ የአራሶች ክፍል ሞልቶ እዚህ ያስተኟትን አራስ፣ ትርንጎን አየሃት? በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ቁስሏ ገና ለጋ ነው። እዚያ ልገባ ነው።"

"እግር የለህ፣ ክንፍ የለህ፤ በምን ትሄዳለህ?"

"የሰው ፍቅር ያደርሰኛል" አለ ጀርሙ።

እውነቱን ነበር። የጋሽ ሽብሩ እህት እትዬ በላይነሽ ሊጠይቁ መጡና የወንድማቸውን ፋሻ ደባበሱ። ጀርሙ እጃቸው ላይ ጉብ አለ። ጠያቂ ደግሞ የራሱን በሽተኛ ብቻ ጠይቆ አይወጣም፤ አልጋውን ሁሉ ያዳርሳል። የመጀመሪያው በሽተኛ ተኝቷል፤ "እግዜር ይማርህ" ብለው አለፉ። የሁለተኛው ሁለት እጁ በጀሶ ታስሯል፤ "እግዜር ይማርህ" ብለው አለፉ። ሦስተኛዋ ትርንጎ ናት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ! እስቲ ቁስልሽን ልየው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ቧንቧው አጠገብ የተቀመጠው ሳሙና ጮኸ፤ "ኧረ እኔን ሳይነኩ!"

"ምነው፣ እኔ ቆሻሻ ነኝ?" ብለው ተቆጡ።

ትርንጎ ጨነቃት። ታላቅ ሰው እጅዎን ይሰብስቡ ይባላል? ይሉኝታ አፏን ያዘው። ይኼኔ ልጇ አለቀሰ።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ለዚህ ልጅ እናቱ ትትረፍለት። ይታጠቡልኝ" አለች።

እትዬ በላይነሽ ሕፃኑን ሲያዩ ልባቸው ራራ፤ ወደ ቧንቧው ሄዱ።

ጀርሙ ሳቀ። "ኪኒን አቃተው፣ ካፕሱል አቃተው፣ መርፌ አቃተው፤ አንተ ደግሞ ማን ነህና?"

"እነሱ ሊገድሉህ መጡ፤ ምታቸውን ለመድክ። እኔ አንሸራትትሃለሁ፤ መንሸራተትን የት ለመድክ?" አለ ሳሙና።

ጀርሙ እየተንሸራተተ ከአረፋው ጋር ወረደ። ጋሽ ሽብሩም ሐኪሙ ያዘዘላቸውን አዲስ መድኃኒት፣ ጎረቤት ሳያቀምሱ፣ እስከ መጨረሻው ዋጡና ዳኑ።

ፍቅር እጁን ሳይታጠብ ከመጣ ጦስ ይዞ ይመጣል። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ መጀመሪያ ግን እጃችሁን ታጠቡ።